ስለ ተበላ ክሮቼራና ከፍ ስለ ተደረገ መኪና

(በሬዲዮ የተነገረ)

ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት የመካኒክ እንጂ የመንግሥት ሠራተኛ ጉዳይ መስሎ አይታይ ይሆናል። ጉዳዩም በመኪና ሆድ ሥር ተሰውሮ የሚሠራ፣ መጠኑ ከሰው ጭብጥ የማይበልጥ፣ ሾፌሮቻችንና መካኒኮቻችን ክሮቼራ ብለው የሚጠሩት የብረት መጋጠሚያ ነው። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ የጉዞ ማዘዣ የሚፈርም፣ የመለዋወጫ ዕቃ ግዥ የሚያጸድቅ፣ ወይም ውሎ አበሉን ተቀብሎ ለመስክ ሥራ ወደ ላስታ ተራሮች የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ የራሱንና የባልደረቦቹን ሕይወት ለዚህ ትንሽ ብረት አደራ የሚሰጥ መሆኑን ያስተዋለ እንደ ሆነ፣ ነገሩ የእርሱም ጉዳይ መሆኑን አይክድም።

በመጀመሪያ ክሮቼራ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። የመኪናው ሞተርና ካምቢዮ ከፊት ናቸው። የኋላ ጎማዎችን የሚያዞሩት ጥርሶች ደግሞ ከኋላ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ኃይሉን የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ነው። ሞተሩና ካምቢዮው ከሻንሲው ጋራ ታስረው ባሉበት ይጸናሉ፤ ዲፈረንሻሉ ግን ከጎማዎቹ ጋራ በየጉድጓዱና በየድንጋዩ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዘንጉ በሁለቱም ጫፍ ሳይታጠፍ ደርቆ ቢታሰር ኖሮ፣ ገና በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ በተሰበረ ነበር። ይህ እንዳይሆን በሁለቱ ጫፎች፣ እንደ ሰው የእጅ አንጓ በየአቅጣጫው የሚታጠፍ መጋጠሚያ ተደርጎለታል። መጋጠሚያውም ሁለት የብረት ሹካዎች ፊት ለፊት ሆነው፣ አራት ክንድ ባለው መስቀለኛ ብረት የተያያዙበት ነው። በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ላይ ትንሽ ቆብ የመሰለ ኩሽኔታ ይደፋበታል፤ በውስጡም እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች በግራሶ ርሰው ይንከባለላሉ። ክሮቼራ የሚለውም ስም ከኢጣልያንኛ የተወሰደ ሲሆን፣ ከመስቀል ቅርጹ የወጣ ነው።

የዚህ መጋጠሚያ አሳብ ጥንታዊ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኢጣሊያዊው ሊቅ ጄሮላሞ ካርዳኖ ስለ እንዲህ ያለው መጋጠሚያ በመጻፉ፣ ዘንጉ እስከ ዛሬ በብዙ አገር የካርዳን ዘንግ እየተባለ ይጠራል። ከእርሱ በኋላ በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የመጋጠሚያውን ጠባይ መርምሮ አንድ ታላቅ ነገር ገለጠ። ይኸውም ሁለት ዘንጎች ጠማማ ሆነው በአንድ መጋጠሚያ ሲያያዙ፣ የመጀመሪያው በእኩል ፍጥነት እየዞረ ሁለተኛው ግን በአንዱ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚፈጥን፣ ሁለት ጊዜም የሚዘገይ መሆኑ ነው። ለመኪና ተስማሚ አድርጎ በማዘጋጀትም እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያገኘው አሜሪካዊው ክላረንስ ስፓይሰር ነው። ሁክ ያገኘው ይህ የፍጥነት መለዋወጥ የዛሬው ንግግሬ ዋና መሠረት ስለ ሆነ፣ አድማጮቼ በልቡናችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ።

አሁን ወደ ላስታ እንውጣ። ከወልድያ ተነሥቶ የድልብን ዳገት የወጣ፣ ከጋሸናም ወደ ላሊበላ የታጠፈ ሰው፣ የዚያ አገር መንገድ ለመኪና ምን ያህል ፈተና እንደ ሆነ ያውቀዋል። ከደጋው አፋፍ እየተጠማዘዙ ወደ ቆላማው ሸለቆ መውረድ፣ እንደ ገናም ወደ ከተማው መውጣት ግድ ነው። የላሊበላ አየር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ሲሆን፣ ከተማው ግን በ2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጧል። ከከተማውም በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ወደ ቢልባላና ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ወይም በኩልመስክ በኩል የሚሄድ ሰው ደግሞ ድንጋዩን፣ አቧራውንና ወደ ተከዜ የሚወርዱትን ጅረቶች ሁሉ በጎማው መቅመስ አለበት።

ይህ አገር ክሮቼራን የሚጎዳው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በዳገቱ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ያህል፣ ከዚያም በላይ የሳሳ ስለ ሆነ፣ አየር እየገፋ የሚያስገባለት ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይደክማል። ስለዚህ ሾፌሩ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይገደዳል። እንበልና የመጀመሪያው ማርሽ የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል አራት እጥፍ ቢያደርገው፣ ለከባድ መንገድ የተሰጠው ዝቅተኛ ማርሽ ደግሞ ያንኑ እንደ ገና ሁለት እጥፍ ቢያደርገው፣ በዘንጉና በክሮቼራው ላይ የሚያርፈው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሁለተኛው በአቧራው ነው፤ ደቃቁ አቧራ በቆቡ አፍ ሾልኮ ሲገባ ከግራሶው ጋራ ተለውሶ እንደ መሳያ ድንጋይ ብረቱን ይበላዋል። ሦስተኛው በውኃው ነው። ሲሠራ የዋለ ትኩስ መጋጠሚያ በድንገት ቀዝቃዛ ጅረት ውስጥ ሲነከር፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ከዚያም ዝገት ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ችግር እንዳለ ሆኖ፣ ሰው በገዛ እጁ የሚጨምረው ሌላ ችግር አለ። እርሱም መኪናውን ከፋብሪካ ከወጣበት ቁመት በላይ ከፍ ማድረግ ነው። በባሌስትራው ላይ ቅጠል ይጨመራል፣ ወይም ሞላው በረጅም ይለወጣል፤ መኪናውም አምስት ወይም አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ምክንያቱ መልካም ነው። ሆዱ በድንጋይ እንዳይመታ፣ በዳገት አፋፍ ላይ እንዳይንጠለጠል፣ ብዙ ሰውና ዕቃ ሲጫንም እንዳይሰምጥ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ባሌስትራ ሲነሣ ከፍ የሚለው ሻንሲውና ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ነው እንጂ ዲፈረንሻሉ አይደለም። ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ከምድር የሚኖረው ርቀት የሚጨምረው ጎማው በትልቅ ሲለወጥ ብቻ ነው። እንግዲህ ካምቢዮው ወደ ላይ ወጥቶ ዲፈረንሻሉ በነበረበት ሲቀር፣ ዘንጉ ከቀድሞው ይልቅ ዘቅዝቆ እንዲሠራ ተፈረደበት ማለት ነው።

ይህን በቁጥር እንየው። ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ ዘንግ በአንደኛው ጫፉ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢነሣ፣ ማዘንበሉ በ3 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ቢነሣ ደግሞ በ6 ዲግሪ ግድም ነው። ከዚያ ያጠረ ዘንግ፣ ለምሳሌ የፊተኛው ዘንግ፣ በዚያው ከፍታ ከዚህም በላይ ያዘነብላል። አሁን የሮበርት ሁክን ትምህርት እናስታውስ። መጋጠሚያው 10 ዲግሪ ታጥፎ ሲሠራ የፍጥነቱ መለዋወጥ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ወዲያና ወዲህ ነው፤ በ20 ዲግሪ ግን ከመቶ ስድስት ይደርሳል። እጥፋቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ አራት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የመስክ መኪና ዘንግ በደቂቃ ከ2,000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ ይህ ማፍጠንና ማዘግየት በደቂቃ ከ4,000 ጊዜ በላይ ክሮቼራውን ይመታዋል። እንዲህ ያለውን ምት የሚችል ብረት ለብዙ ጊዜ አይገኝም።

መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት ሁለት መጋጠሚያዎችን በአንድ ዘንግ ላይ ማድረግ ነው። የፊተኛው ያጣመመውን የኋለኛው እንዲያቃናው፣ በሁለቱ ጫፎች ያለው እጥፋት እኩል መሆን አለበት፤ በዘንጉ ላይ ያሉት ሁለቱ ሹካዎችም በአንድ መስመር መተያየት አለባቸው። መኪናውን ከፍ ያደረገ ሰው ግን ይህን እኩልነት ሊያፈርሰው ይችላል። አንደኛው መጋጠሚያ በብዙ፣ ሁለተኛው በጥቂት ሲታጠፍ፣ ስሕተቱን የሚያርመው ያጣል፤ ዘንጉም ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራውም ያለ ዕድሜው ይበላል።

አድማጮቼ ሆይ፤ እስቲ ይህ ብረት በመንገድ ላይ ቢበጠስ የሚሆነውን አስቡት። ዳገት ሲወጣ ከሆነ መኪናው ጉልበቱን አጥቶ ይቆማል፤ ወደ ኋላም ሊንሸራተት ይችላል። ከካምቢዮው በኩል ያለው ጫፍ ተበጥሶ ከወደቀ፣ ዘንጉ መንገዱን ወግቶ መኪናውን ከኋላው ሊያነሣው ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቁልቁለት ላይ ነው። ብልህ ሾፌር ከጋሸና ሲወርድ ማርሹን ዝቅ አድርጎ መኪናውን በሞተሩ የሚይዘው፣ ፍሬኑ ግሎ እንዳይከዳው ነው። ይህ የሞተር መያዣነት ለጎማዎቹ የሚደርሰው ግን በዚያው ዘንግና በዚያው ክሮቼራ በኩል ነው። በኋላ ጎማው ብቻ በሚነዳ መኪና ላይ ክሮቼራው በተበጠሰ ጊዜ የሞተሩ መያዣ በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ከዚህም በላይ እንደ ቀድሞዎቹ ላንድ ሮቨሮች ባሉ መኪናዎች፣ በቀድሞዎቹም ላንድ ክሩዘሮች፣ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሄደውን ይህንኑ ዘንግ ነው። እንግዲህ ዘንጉ ሲበጠስ የእጅ ፍሬኑም አብሮ ይሄዳል፤ የሚወረወረው ዘንግም የእግር ፍሬኑን ቱቦ ሊቆርጠው ይችላል።

ደግነቱ ክሮቼራ ሳያስጠነቅቅ የሚበጠሰው ከስንት አንዴ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ማርሹ ከወደ ፊት ወደ ኋላ ሲለወጥ፣ ወይም ሾፌሩ ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ ሲያደርግ ከሥር የሚሰማው የብረት ግጭት ነው። ሁለተኛው መኪናው በዝግታ ሲሄድ ከጎማው አዟዟር ጋራ የሚፈጥንና የሚዘገይ፣ እንደ ወፍ ጫጩት ያለ የጭርጭርታ ድምፅ ነው፤ ይህም ግራሶው አልቆ ብረት ከብረት መፋተጉን ያመለክታል። ሦስተኛው በፍጥነት ሲኬድ ከመቀመጫው በታች የሚሰማ መንቀጥቀጥ ነው። አራተኛው ደግሞ ለዓይን የሚታይ ነው፤ በቆቦቹ ዙሪያ የቀይ ዝገት ዱቄት ተነስንሶ ይገኛል። እነዚህን ለመስማትና ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ከኋላ የተቀመጠው የክፍል ኃላፊ ድምፁን ሰምቶ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሾፌሩ ለመናገር ያፈረውን ነገር እንዲናገር በር ይከፍትለታል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

አሁን ስለ መለወጡ ሥራ እንናገር። መካኒኩ መፍቻውን ከማንሣቱ በፊት መኪናው በሜዳ ላይ መቆሙን፣ ከጎማዎቹም ፊትና ኋላ ታኮ መደረጉን ማረጋገጥ አለበት። ቀደም ብዬ እንደ ገለጽኩት፣ በአንዳንድ መኪና ላይ ዘንጉ ሲፈታ የእጅ ፍሬኑ ዋጋ ያጣል፤ ማርሽ ማስገባትም አይይዘውም። በተዳፋት ላይ ያለ ታኮ ዘንግ የሚፈታ ሰው፣ ከሥሩ እንደ ተኛ መኪናው እንዲሄድበት የፈቀደ ያህል ነው። ከዚያ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ መካኒኩ ከመጋጠሚያው ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሹካዎች በሁለት እጁ ይዞ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ይጠምዝዝ። በቆቡና በመስቀሉ መካከል ጥቂትም ቢሆን መላወስ ከታየ፣ ክሮቼራው ተበልቷል።

ዘንጉ ሳይፈታ በፊት በሹካዎቹና በማሰሪያዎቹ ላይ በማይጠፋ ቀለም ወይም በብረት ጭረት ምልክት ይደረግ፤ በተንሸራታቹ እጅጌ ላይም እንዲሁ። ይህ ምልክት ሁለቱ ሹካዎች እንደ ቀድሞው በአንድ መስመር እንዲመለሱ የሚያደርግ ነው። በአንድ ጥርስ እንኳ ተሳስቶ የተገጠመ ዘንግ፣ አዲስ ክሮቼራ ቢገባለትም ሲንቀጠቀጥ ይኖራል። ዘንጉ ወርዶ መያዣ ቀለበቶቹ ከወጡ በኋላ፣ አሮጌዎቹ ቆቦች በሞርሳ ተገፍተው ይወጣሉ። ለዚህም አንዱ ጠበብ፣ ሌላው ሰፋ ያለ ሁለት የብረት ቱቦ ቁራጭ ይበቃል፤ ጠባቡ ይገፋል፣ ሰፊው ይቀበላል። በከባድ መዶሻ መደብደብ ግን ሹካውን ያጣምመዋል፤ ሹካ ከተጣመመ ደግሞ ዘንጉ በሙሉ ሊለወጥ ነው።

አዲሱ ሲገባ መርፌዎቹ በየቦታቸው መቆማቸው መታየት አለበት። ከእነርሱ አንዷ ወድቃ በቆቡ ወለል ላይ የተጋደመች እንደ ሆነ፣ ቆቡ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ መያዣ ቀለበቱም ጎድጓዳ ቦታውን አያገኝም። እዚህ ላይ «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ተረት ይደርሳል፤ ቀለበቱ እንቢ ሲለው መዶሻ የሚያነሣ መካኒክ መርፌዋን አድቅቆ አዲሱን ዕቃ በገዛ እጁ ያበላሸዋልና። ሲያበቃ መጋጠሚያው በየአቅጣጫው ያለ መላወስና ያለ መጣበቅ በእጅ ሊታጠፍ ይገባዋል። የዘንጉ ቡሎኖች ለዚሁ ሥራ የጠነከሩ ስለ ሆኑ፣ በሱቅ በተገኘ ተራ ቡሎን መተካት አይገባም። በመጨረሻም አዲስ ግራሶ በአራቱም ቆቦች ጠርዝ ብቅ እስኪል ድረስ ይሞላ። አንደኛው ቆብ እንቢ ቢል፣ ቀድሞ የሚበላው እርሱ መሆኑን ማወቅ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ቢፈጸምም፣ መኪናው ከፍ የተደረገ ከሆነ ሥራው ገና አላለቀም። ዕቃው ተለውጦ ዕቃውን የበላው ምክንያት እንዳለ ከቀረ፣ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» መምታት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ድምፅ ይመለሳል፤ ሾፌሩ ይወቀሳል፣ መካኒኩም ይታማል። ስለዚህ መካኒኩ በማዘንበል መለኪያ የካምቢዮውን፣ የዘንጉንና የዲፈረንሻሉን አቋቋም ለክቶ፣ የሁለቱን ጫፎች እጥፋት እኩል ማድረግ አለበት። ባሌስትራ ባለው መኪና ላይ፣ በባሌስትራውና በዲፈረንሻሉ መቀመጫ መካከል ሾጣጣ ጠፍጣፋ ብረት አግብቶ ማቃናት ይቻላል። በሌላው ላይ ካምቢዮውን በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ወይም በአንደኛው ጫፍ ድርብ መጋጠሚያ ያለው ዘንግ ማስገባት ያስፈልግ ይሆናል። ተንሸራታቹ እጅጌ ከመጠን በላይ አለመውጣቱም ይመርመር፤ መኪናው ሲነሣ ዘንጉም ይሳባልና። እጥፋቱን ፈጽሞ ማጥፋት ደግሞ ጥበብ አይደለም። ዘንጉ ያለ አንዳች እጥፋት ቀጥ ካለ መርፌዎቹ መንከባለል ትተው በአንድ ቦታ ላይ ብረቱን ይቦረቡሩታል፤ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ሊቀር ይገባል።

ከመካኒኩ ቀጥሎ ኃላፊነቱ ወደ እኛ ይመጣል። አንድ መሥሪያ ቤት የመስክ መኪናውን ከፍ ለማስደረግ ሲወስን፣ የዘንጉን ማቃናት ከዚያው ጋራ በአንድ የሥራ ትእዛዝ ያስፍር። የመጀመሪያውን ወጪ አጽድቆ ሁለተኛውን መሰረዝ ቁጠባ አይደለም። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ የሁሉ ርካሹ ሲመረጥ፣ የብረቱ ጥራትና ልኩ መታየቱን ሒሳብ ሹሙ ይጠይቅ፤ ከውጭ ሲያዩት ከዋናው የማይለይ፣ ውስጡ ግን ልል የሆነ ዕቃ ከገበያ አይጠፋምና። የስምሪት ክፍሉ ደግሞ ግራሶ የተሞላበትን ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ ጅረት ሲሻገር የሰነበተ መኪና መደበኛ ጊዜውን ሳይጠብቅ ግራሶው ይታደስለት። ወደ ላስታ የሚወጣ መኪና አንድ መለዋወጫ ክሮቼራ፣ መፍቻውንና ታኮውን ይዞ ይነሣ። በመንገድ ላይ የኋላ ክሮቼራ ቢበጠስ እንኳ፣ በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ዘንጉ ወርዶለት በፊት ጎማዎቹ ብቻ ቀስ እያለ እስከ ጋራዥ ሊደርስ ይችላል፤ የእጅ ፍሬኑን ነገር ግን እንዳይረሳ።

ይህንን ነገር ይበልጥ የሚያከብደው በዚያ መንገድ የምንሄደው እኛ ብቻ አለመሆናችን ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ የገናን በዓል በላሊበላ ለማክበር ከየአገሩ የሚጎርፈው ምእመን፣ በዚያው ዳገትና በዚያው ቁልቁለት ያልፋል። አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በአውቶቡስ፣ ሌላውም በተገኘው ሁሉ ይሄዳል። መያዣ ያጣ አንድ የመንግሥት መኪና በቁልቁለቱ ላይ ቢለቀቅ፣ አደጋው በውስጡ በተቀመጡት ላይ ብቻ አያበቃም። በመንገዱ ዳር በትሩን ይዞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ የሚሄደው መንገደኛ ክሮቼራ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይገደድም። እንዲያውቁለት የተገደዱት በማዘዣው ላይ የፈረሙት ናቸው።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ወደየሥራችሁ ስትሄዱ፣ የመሥሪያ ቤታችሁን ሾፌር ሰላምታ ከሰጣችሁት በኋላ ሁለት ጥያቄ እንድትጠይቁት አደራ እላለሁ። መኪናው ከፋብሪካ ቁመቱ ከፍ ተደርጓልን? ተደርጎስ ከሆነ ዘንጉ ተቃንቷልን? መልሱ አጥጋቢ ያልሆነ እንደ ሆነ፣ ጉዳዩ ተመርምሮ እስኪስተካከል ድረስ ማዘዣው ሳይፈረም ቢቆይ የሚቀር ሥራ የለም።